ለሱቃችን ስም ስናወጣ የከረምንበት ክረምት

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። 22 ነጠላ፣ 9 ጋቢና 6 ቀሚስ በንጹህ አንሶላ ተጠቅልሎ ከአልጋችን ሥር ተቀምጧል። ለፎቶ የሚሆን ነጭ ግድግዳ አለን። ዕቃ የሚያደርስ ባለ ሞተር ልጅ አግኝተናል። በቴሌብር ገንዘብ መቀበል እንችላለን። የጎደለን ስም ብቻ ነበር።

«ስም ምን ችግር አለው? ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብለን እናወጣለን» አለ ባለቤቴ። እኔም አመንኩት። ክረምቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፣ ስሙ ግን አልወጣም።

በኢንተርኔት ለመሸጥ የሚነሳ ሰው ሁሉ እዚህች ጋ ይደርሳል። ብዙው ሰው በአንድ ማታ ወስኖ ያልፋል። እኔ አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከእንጦጦ ሥር። ሰፈሩ የሸማኔ ሰፈር ነው። ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ የጋሞ ሸማኔዎች ከድሮ ጀምሮ እዚያው ይሠራሉ። እማዬ ፈታይ ናት። ከግድግዳችን ወዲያ ያሉት ጋሼ ደግሞ ሸማኔ ናቸው። እሷ የፈተለችውን እሳቸው ይሸምኑታል። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው መወርወሪያውን ሲወረውሩ የሚሰማው ድምፅ ነው በልጅነቴ እንቅልፍ የሚያስተኛኝ።

እኔ ግን ሰባት ዓመት የሠራሁት ባንክ ቤት፣ መስኮት ላይ ነው። ልጄን ከወለድኩ በኋላ ለቀቅኩ። ቤት ስውል አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። እማዬ ሳምንታት የፈጀችበት፣ ጋሼ ጀርባቸው እስኪጎብጥ የሸመኑት ጋቢ ነጋዴ እጅ ሲገባ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ለሁለቱ የሚደርሳቸው ግን ያው ነው። ስለዚህ ራሳችን እንሽጠው አልኩ። እዚህ ላሉት በቴሌግራምና በቲክቶክ፣ ውጭ ላሉት ደግሞ በእህቴ በኩል። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ሽሮ ሜዳ ላይ ሱቅ ቢኖረን ኖሮ ስም ይህን ያህል ባልከበደኝ። እዚያ ስም የሌለው ሱቅም ይገኛል። «ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ይባላል። ደንበኛ ዓይኗን አምና ትመጣለች። ቴሌግራም ላይ ግን ሰማያዊ በር የለም። በሩ ስሙ ነው። አስተካክላ ያልጻፈችው ሰው አትገባም።

እማዬን ሐምሌ ላይ ጠየቅኳት። እንዝርቷን እያሾረች ነበር። «ስምን መልአክ ያወጣዋል። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አለችኝ።

«ለሰው ነዋ እማዬ። ለሱቅስ?»

መልስ አልሰጠችኝም። ክሩ ተበጥሶባት ስትቀጥል ነበር።

መጀመሪያ የመጡልን ስሞች ለሁሉም ሰው የሚመጡት ናቸው። ሳባ። ሉሲ። አክሱም። ላሊበላ። አቢሲኒያ። ከፊት «ኢትዮ»፣ ከኋላ «ፋሽን» ወይም «ዲዛይን»። ቴሌግራም ላይ «ሐበሻ» ብዬ ጻፍኩና ዝርዝሩን ወደ ታች ወረድኩት። አለቀ ስል ይቀጥላል። በ«ሀ» ስጽፈው ደግሞ ሌላ ዝርዝር መጣ። እነዚህ መጥፎ ስሞች አይደሉም፣ ትልልቅ ስሞች ናቸው። ግን የማንም ስም ሆነዋል። «ሳባ ጋ ነው የገዛሁት» ያለች ሴት፣ ጓደኛዋን የትኛዋ ሳባ ጋ እንደምትልካት አታውቅም።

ባለቤቴ ተከራከረኝ። «አዋሽ ባንክ በወንዝ ተሰየመ፣ ዳሽን ባንክ በተራራ። ማን ተሳሳተ?» ልክ ነው። ግን ባንክ በየመንገዱ ሕንጻ አለው፣ በየቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ አለው። ስሙን ሰው ጭንቅላት ውስጥ እስኪገባ መደጋገም ይችላል። እኔ ያለኝ አንድ ስልክ ነው።

ቀጥሎ የልጃችን ስም መጣ። ይህም በጣም የተለመደ ነው። ቡቲኩም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ሚኒ ማርኬቱም በልጅ ስም ነው። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን አልፈለግኩም። የአንዱ ቀሚስ ቀለም ቢለቅ ደንበኛ ተናዳ የልጄን ስም እያነሳች ትጽፋለች። ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ስሟ የራሷ ነው፣ አድጋ የፈለገችውን ትሥራበት።

ከዚያ «ፀዳል» የሚለውን አገኘሁ። ወደድኩት። ብርሃን፣ ድምቀት ማለት ነው። ታጥቦ የተሰጣ ነጭ ሸማ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ያለው ነገር ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የሱቃችን ስም ፀዳል ነበር። ቻናሉንም ከፈትኩ። ለአንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩና «ፀዳል ብለሽ ፈልጊ» አልኳት። ፈለገች፣ አጣችው። እንደገና ፈለገች፣ አጣችው። ለካ እኔ የጻፍኩት በ«ፀ» ነው፣ እሷ የምትጽፈው በ«ጸ»። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

እነ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እነ ሰ እና ሠ፣ እነ አ እና ዐ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፃቸው ተቀላቀለ፣ መልካቸው ግን ቀረ። እኔ ይህን ቅርስ እወደዋለሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ «ሠርግ»ን በ«ሰ» የጻፈ ልጅ ሲታረም ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት እናት ግን ነጠላ ልትገዛ መጥታ የፊደል ፈተና ልትፈተን አይገባትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደንብ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በሁለት መንገድ የሚጻፍ ፊደል ያለበት ስም ይቅር። በዚያች ማታ ብቻ ሐር፣ ፀደይ፣ ሐመልማልና ሠናይ ከዝርዝሬ ወጡ። ቆንጆ ቆንጆዎቹ።

ሁለተኛው ጣጣ ላቲን ነው። የቴሌግራም መጠሪያ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ከፊደል ሌላ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ይቀበላል። ከ5 ፊደል በታች ያለውን ደግሞ በነጻ አይሰጥም። ላቲን የእኛን «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» አያውቅም። «ተ»ንም «ጠ»ንም በ«ቲ» እንጽፋቸዋለን። «ቀ»ን አንዱ በ«ኬ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ኪው»። ቃልኪዳን የምትባል ጓደኛ ያለው ሰው ስልኩን ይፈልግ፣ በሁለቱም መዝግቧት ያገኛታል። ሳድስ ፊደል፣ እንደ «ል» ያለው፣ ሲመጣማ ይብሳል። አንዱ «ኢ» ያስገባበታል፣ አንዱ «አይ»፣ አንዱ ጭራሽ ይዘለዋል።

የስልክ ፈተና የጀመርኩት ያኔ ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ ከአማዞን ታሪክ ነው። ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ1994 ድርጅቱን ሲያቋቁም ስሙ «ካዳብራ» ነበር፣ ከ«አብራካዳብራ» የተቆረጠ። ጠበቃው በስልክ ሲሰማው «ካዳቨር» መሰለው። በእንግሊዝኛ አስከሬን ማለት ነው። ያ ስም ቀረ። ወረቀት ላይ ምንም የማይለው ስም ስልክ ላይ ሬሳ ሆነ።

ስድስት ሰው መረጥኩ። እህቴ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ሁለት የድሮ ባልደረቦቼ፣ ሞተረኛው ልጅና አዳማ ያለችው አክስቴ። ደውዬ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ እናገራለሁ። አልደግምም። እነሱ በአማርኛም በላቲንም ጽፈው ይልኩልኛል። ስድስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉ ስሙ አለፈ። ሰዎቼ ታግሰውኛል። አክስቴ አንዳንዴ ስልኩን ስታነሳ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ ማን ነው ስሙ?» ትለኝ ነበር።

ለአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያም ነግሬው ነበር። አርባ ስም በአንድ ደቂቃ ደረደረልኝ። አርባውም ከላይ ከጣልኳቸው ጋር ወንድማማች ናቸው። ዘጋሁት።

ስሙን ከሥራው ውስጥ ልፈልገው አልኩ። እማዬና ጋሼ ቀኑን ሙሉ የሚናገሯቸውን ቃላት በአንድ ገጽ ጻፍኩ።

ማግ። በአግድም የሚገባው ክር ነው። የእኛን ሸማ ከሌላው የሚለየውም እሱ ነው። ድሩ ዛሬ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ግን የእማዬ እጅ ነው። ጠንካራ ቃል ነው። ግን በላቲን ሦስት ፊደል ብቻ። እህቴም «እዚህ ሰው የቡና ኩባያ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ኩታም አራት ፊደል ሆነና ቀረ።

ጥለት ላይ ልቤ ቀርቶ ነበር። ሴት ነጠላ ስታነሳ መጀመሪያ የምታየው ጥለቱን ነው። ጋሼ አንዱን የሠርግ ጥለት ሲሠሩ ሁለት ሳምንት ሊቀመጡበት ይችላሉ። ስድስቱን ሰዎች ደወልኩላቸው። አዳማ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። አክስቴ የሰማችውን ጽፋ ላከችልኝ፦ «ጠላት»። ደግሜ አየሁት። ጠላት። የሠርግ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ በስልክ «ጠላት» ተብሎ ሊሰማ ነው። ያንኑ ማታ እህቴ በላቲን ጻፈችውና «እስቲ እይው» አለችኝ። አንድ «ኦ» ቢገባበት በእንግሊዝኛ መጸዳጃ ቤት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር የጎደለችውን «ኦ» ነው የማየው። በጣም አዘንኩ። ዛሬም የምወደው ቃል ነው።

ፈትልን በላቲን በአራት ዓይነት ጻፉት። ልቃቂት የእማዬ ምርጫ ነበር። የተፈተለው ክር ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ሲድበለበል ልቃቂት ይባላል። ቃሉ ራሱ ድብልብል ያለ ነው። ግን «ቀ» ሁለት ጊዜ አለበት፣ ሳድሱም አለ፣ ስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ጻፈው። አመልማሎም ነበር። ለመፈተል ተጠቅልሎ የተዘጋጀው ለስላሳ ጥጥ ነው። የባለቤቴ ወንድም በ«ሀ» ጻፈው። «ሐመልማል ከሚለው የመጣ መስሎኝ» አለ።

ገጹ አለቀ። ነሐሴም ሊያልቅ ቀናት ቀሩት።

ለአዲስ ዓመት ገበያ መድረስ ነበረብን። ስም ባይኖርም ቪዲዮ ይኑረን ብዬ ጳጉሜ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እማዬ ጋ ሄድኩ። ልጄንም ይዣት። እማዬ ጥጡን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ታደርጋለች፣ በመዳመጫው ብረት እያንከባለለች ፍሬውን ታወጣለች። ከዚያ ትነድፈዋለች፣ በእጇም ትባዝተዋለች። ድርቅ ያለው ጥጥ እየተነፋ፣ እየሳሳ፣ እየነጣ ይሄዳል። ሰፌዱ ላይ ሲከመር በትንፋሽ ይንቀሳቀሳል። ልጄ እጇን እስከ ክርኗ ከተተችበት።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዘቶ ነው የኔ እናት። እንዳታቆሽሺው።»

እኔ አልሰማሁትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ቃል ስለሆነ ነው መሰለኝ ጆሮዬ አለፈው። ደብተሬ ላይ እንኳን አልነበረም። ቪዲዮውን ቀረጽኩ፣ ቆራረጥኩ፣ ለእህቴ ላክሁላት። እሷ በድምፅ መለሰችልኝ። «ባዘቶ! ይሄን ቃል ከሰማሁ ስንት ዓመቴ!» አለች። ትንሽ ዝም አለች። ስታለቅስም ስትስቅም ድምፅዋ አንድ ነው፣ አልለየሁትም። ከዚያ «እንዴ፣ ስሙ እኮ ይሄ ነው» አለች።

ደብተሬን አወጣሁ። ባ። ዘ። ቶ። በሁለት መንገድ የሚጻፍ ፊደል የለበትም። ጠ የለ፣ ቀ የለ፣ ጨ የለ። ሳድስ የለም። በላቲን ስድስት ፊደል ነው። የድሮ ሰው ሽበትን «እንደ ባዘቶ የነጣ» ይለዋል። ለነጭ ሸማ ከዚህ የቀረበ ምን አለ?

ለስድስቱ ሰዎች ደወልኩ። አምስቱ በአማርኛም በላቲንም አንድ ዓይነት ጻፉ። ሞተረኛው ልጅ ብቻ መሃል ላይ «ኢ» በሚገባበት «ኤ» ጻፈ። ያንን አጻጻፍም ያዝኩት። ተሳስቶ የገባ ሰው ወደ ዋናው ቻናል የሚያደርሰው መልእክት ያገኛል። ይህን ለሁላችሁም እመክራለሁ። ደንበኛ የሚሳሳትበትን አጻጻፍ አስቀድማችሁ ያዙት፣ ወጪ የለውም።

ስም «ይወጣል» ነው የምንለው። ይህ አባባል ያን ሰሞን በጭንቅላቴ ሲመላለስ ነበር። ሁለት ወር ከውጭ ስፈልገው የነበረው ነገር እማዬ ሰፌድ ላይ ነበር።

ሁሉም ግን አልወደደውም። ፎቶ የምታነሳልን የሰፈራችን ልጅ 19 ዓመቷ ነው። ስሙን ስነግራት «የጣሊያን ቃል ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሽሮ ሜዳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ማታ ይህን ለባለቤቴ ስነግረው የቶሞካ ቡና ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስም ነው። ከሦስት የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ የተሠራ ነው፣ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት ነው። ዛሬ ግን የጣሊያንኛውን ትርጉም የሚጠይቅ ሰው የለም። አዲስ አበቤ ቶሞካ ሲባል የሚሸተው ቡና ነው። የጣሊያኑ ቃል የእኛ ሆነ። የእኛው ባዘቶ ደግሞ ለልጆቻችን የጣሊያን ሆነ። ለእኔ ይህ ስሙን ለመተው ሳይሆን ለመያዝ ምክንያት ነበር። ልጅቷ አሁን ባዘቶ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚታይ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ከመወሰናችን በፊት አንድ ሥራ ቀረን። ስሙ በሌላ ቋንቋ ክፉ ነገር እንዳይል ማጣራት። በእኛ ሀገር ይህን የሚዘል ሰው ያስገርመኛል። ደንበኛዬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፣ ትግርኛ ተናጋሪ ናት፣ ሸማኔው ራሱ የጋሞ ሰው ነው። ጋሼን ጠየቅኳቸው። ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ደጋገሙት። «ምንም አይልም፣ ደህና ነው» አሉኝ። ጎረቤቴን በኦሮምኛ፣ የድሮ ባልደረባዬን በትግርኛ ጠየቅኩ፣ ምንም አላሉም። እህቴ ደግሞ አብራት የምትሠራውን የኤልሳልቫዶር ሴት ጠየቀቻት። ሴትየዋ ፈገግ አለች። በስፓኒሽ «ቤሲቶ» ትንሽዬ መሳም ማለት ነው፣ ወደዚያ ይቀርባል አለቻት። ይሁን።

የሕጉን ነገር ላሳጥረው፣ ግን አልዘለውም። የንግድ ስምና የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም። የንግድ ስም የንግድ ምዝገባ ስታደርጉ የምትመዘገቡበት ነው። አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው የሚገዛው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው ላይ የሚለጠፈው መለያ ነው። እሱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን ሕጉ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። አንዱን ያወጣ ሰው ሌላውም የተጠበቀለት ይመስለዋል፣ አይደለም። ምልክት ሲመዘገብ ደግሞ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ይጠየቃል። ዓለም አቀፉ ምደባ 45 ክፍሎች አሉት። ልብስ 25ኛው ነው፣ ጨርቃ ጨርቅ 24ኛው።

አንዲት የሕግ ባለሙያ ዘመዳችን አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። የዕቃው መጠሪያ የሆነ ቃል በንግድ ምልክትነት አይያዝም። «ሸማ» ብለሽ ሸማ መሸጥ ትችያለሽ፣ ሌላው ግን እንዳይልሽ መከልከል አትችይም አለችኝ። ሀገራችን ራሷ ይህን ክርክር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የገጠማት ተቃውሞ «ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል» የሚል ነበር። ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስም ሀብት እንደሆነ ለሚጠራጠር ሰው እኔ የማነሳው ይህን ነው።

«ባዘቶስ?» አልኳት። አሰበች። ባዘቶ ልብስ አይደለም፣ ጨርቅም አይደለም፣ ክር እንኳን አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው ነው። ቅርብ ነው ግን ዕቃው ራሱ አይደለም አለችኝ። «ከሥዕል ጋር አድርገሽ አቅርቢው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ በዚህ ስም ጥጥ እንዳትሸጪ።» ሥዕሉን ባለቤቴ ሠራው፣ ሰፌድ ላይ የተከመረ ባዘቶና ከጎኑ እንዝርት። ማመልከቻው ገብቷል። ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው።

ለእማዬ የነገርኳት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ልብሱ ላይ የሚሰፋውን ትንሽ ጨርቅ አመጣሁላት። ማንበብ አትችልም። በጣቷ ዳሰሰችው። «ምን ይላል?»

«ባዘቶ።»

«ባዘቶ ይፈተላል እንጂ ይሸጣል እንዴ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ሰው ጥጥ የምንሸጥ ይመስለዋል ብላ ሰጋች። «ሸማ መሆኑን ጻፊበት» አለች። ትክክል ነበረች። ከስሙ ሥር በትንሹ «የእጅ ፈትል ሸማ» የሚል ጨመርኩ።

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ቪዲዮውን አይታ ነው። «ባዘቶ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ነጠላ ልታዝ መስሎኝ ደብተሬን ከፈትኩ። እሷ ግን የምትፈልገው ባዘቶውን ነበር። እናቷ ከገጠር መጥተው አያት ኮንዶሚኒየም አብረዋት ይኖራሉ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈትሉ ነው የኖሩት። አሁን ሲነጋ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። እንዝርታቸውን ይዘው መጥተዋል፣ የተባዘተ ጥጥ ግን የት ይገኛል? «ቪዲዮውን ሳሳያቸው ስልኩን ከእጄ ቀምተው ደጋግመው አዩት» አለችኝ።

እንደማንሸጥ ነገርኳት። የዘመዳችንም ቃል ትዝ ብሎኛል። ስልኩን ዘግቼ ግን እማዬ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራት ምንም አላለችኝም። ሰፌዷን ሳበች። በማግስቱ ሁለት ከረጢት ሙሉ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሞተረኛው ልጅ እንዳይጨፈለቅ ብሎ አንዱን ጀርባው ላይ አንዱን ደረቱ ላይ አስሮ አያት ድረስ ወሰደው። ዋጋ አልጠየቅንም።